ክፍሌ ውስጥ ያለችው ልጅ

«ሲስተር፣ ያቺን ልጅ ለምን ትንሽ ወጣ አድርገሽ ፀሐይ አታሞቂያትም?» አሉኝ አከራዬ።

ጠዋት ነበር። ከአዳር ተረኝነት ወጥቼ፣ ጉሙ ገና ከተራራው ሳይነሳ፣ ግቢው ውስጥ ካለው በርሜል ውሃ እየቀዳሁ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰው «ልጅቷ» ሲለኝ ቶሎ የሚመጣልኝ አንድ ሰሞን ያዋለድኳት ሕፃን ናት። እሷንም መስሎኝ ነበር።

«የቷን ልጅ እናቴ?»

«ቤትሽ ያለችውን።»

እኔ የምኖረው ብቻዬን ነው። ሳቅ አልኩና «እኔ ቤት ማንም የለም እኮ» አልኳቸው። አከራዬ ረጅም ጊዜ አዩኝ። መዋሸቴን አውቀው ሊያዋርዱኝ ያልፈለጉ ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ «እሺ» ብለው ጄሪካናቸውን አንስተው ሄዱ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ተመርቄ ዕጣ ሳወጣ ምዕራብ ሐረርጌ ደረሰኝ። መጀመሪያ ቦኬ፣ ቀጥሎ ከመቻራ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ፣ በመጨረሻ እዚህ። ከተማዋ ሁለት ስም አላት፤ ቤተሰብ ጋ ስደውል አሰበ ተፈሪ እላለሁ፣ ባጃጅ ላይ ስወጣ ጭሮ እላለሁ። የተከራየኋት ክፍል ከግቢው ኋላ ያለች የጭቃ ቤት ናት፤ ኖራ የተቀባች፣ ከበስተጀርባዋ ብረት የተገጠመላት ትንሽ መስኮት ያላት። መስኮቷ የአከራዬ ጓሮ ላይ ትከፈታለች። መጋረጃ ጋርጄባታለሁ።

እኔ ማታ ስለምሠራ ቀን ቀን ቤት ነኝ። ጭሮን በከሰዓት የማያውቅ ሰው ዝምታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ምሳ ተበልቶ ጫቱ ከገባ በኋላ ሰዉ ሁሉ በየቤቱ ይቀመጣል። ከዋናው መንገድ የመኪና ድምፅ አልፎ አልፎ ይመጣል እንጂ ሰፈሩ ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ግድግዳ ቢቧጥጥ ሦስት ግቢ ድረስ ይሰማል።

ሥራ ላይ አፌ ማር ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም። አንዲት ሴት አልጋው ላይ ስትጮህ ሌሊቱን ሙሉ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ጎበዝ፣ ይኸው ደረስሽ» እላታለሁ። ፊቷን እጠርግላታለሁ፤ ውሃ አጠጣታለሁ። ኦሮምኛዬ ሰባራ ቢሆንም ለማባበል ይበቃል። የምትወልድ ሴት ላይ የሚጮህ ባለሙያ ካየሁ ደግሞ እሱን አያድርገኝ፤ ማንም ይሁን ማን ልክ ልኩን እነግረዋለሁ።

ለራሴ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። በየወሩ ደም በጣም ይፈሰኝ ከጀመረ ቆይቷል። ከአስፋልቱ ወደ ቤት የምትወስደውን አቀበት ለመውጣት ሁለቴ ቆሜ ማረፍ ጀምሬ ነበር። ከንፈሬ ነጣ፤ ቀሚሴ ሰፋኝ። ለሰው «ጾም ነው» እያልኩ ምግብ እዘላለሁ፤ በእርግጥ የኛ ጾም ብዙ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ሌላ ሴት ብትሆን ካርድ አውጥቼ እየጎተትኩ ላብራቶሪ እወስዳት ነበር። እንዲህ ያለ የደም ማነስ ልብን ቀስ በቀስ እንደሚያደክምና አንድ ቀን ሰውን ሳያስጠነቅቅ እንደሚጥል ለተለማማጅ ተማሪዎች ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ለእኔ ሲሆን ግን ጊዜ የለኝም። ነገ እላለሁ፤ ነገም ነገ እላለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት የአከራዬን ወሬ ይዤ ክፍሌ ገባሁና ከውስጥ ቀረቀርኩ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቆሜ ክፍሌን አዳመጥኩ።

ሹ… ሹ… ሹ… ይላል።

የሰው ትንፋሽ ነበር የመሰለኝ፤ ቅርብ ነው፤ ቀኝ ጆሮዬ ሥር። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ያዝኩ። እሱ አላቋረጠም። እንዲያው ሳፍርበት ኖሬ አሁን ልናገር፣ ጎንበስ ብዬ አልጋ ሥር አየሁ። አንድ ካርቶን ብቻ ነበር። ደሙ ያነሰ ሰው የገዛ ደሙ ጆሮው ውስጥ ሲሄድ እንደሚሰማው ተምሬያለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ጋደም ስል ድምፁም አብሮኝ ተጋደመ።

በማግስቱ ግድግዳውን አየሁ። ከተኛሁበት ራስጌ፣ ወለሉ አጠገብ፣ የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ኖራው ተልጦ ጭቃው ተቦርቡሯል። አይጥ ናት ብዬ ተሳደብኩ። ግን አይጥ ፍርፋሪዋን ትታ ትሄዳለች፤ እዚያ ወለሉ ላይ አንዲት ቅንጣት አፈር አልነበረም። ጥፍሮቼን አየሁ። ከሥራቸው ቡናማ ነገር ነበር፤ ምላሴን ሳንቀሳቅስ ጥርሴ መሃል አሸዋ ተንቋቋ። እርጉዞቹን በየቀኑ «አፈር ያምርሻል?» ብዬ የምጠይቅ እኔ ነኝ፤ እነሱም አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ይስቃሉ። የልብስ ሳጥኔን ገፍቼ ቀዳዳው ላይ አስጠጋሁት። በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ ሳጥኑ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ነበር። መግፋቴን አላስታውስም።

ሦስተኛው ነገር ሳህኑ ነው። አንድ ቀን ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስነቃ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ትንሽ የብረት ሳህን አየሁ። ባዶ ናት፤ ተጠርጋ ተልሳለች። ጣቶቼ ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ። በህልሜ ገንፎ ስበላ እንደነበር ትዝ አለኝ። እንደዚያ ጣፍጦኝ የበላሁበትን ቀን ስፈልግ በውኔ አጣሁት። ሳህኗን መልሼ ደፉ ላይ አስቀመጥኳት። ማታ ለሥራ ስወጣ አልነበረችም። በሁለተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

አራት ቀን ከታገሥኩ በኋላ አከራዬን በርሜሉ ጋ ጠበቅኳቸው።

«እናቴ፣ መስኮቴ ላይ ሳህን የሚያስቀምጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ላንቺ አይደለም ግን» አሉኝ።

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለሷ ነዋ! ሲስተር፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። በየቀኑ ስትሰድቢያት እሰማለሁ። ሠራተኛ ማምጣት ሐራም አይደለም፤ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ ከገጠር ያመጣል። ግን የሰው ልጅ እንዲህ አይዘጋበትም፤ እንዲህ አይራብም። ትናንት ከሰዓት አንቺ ሥራ ሄደሽ ሳለ አናገርኳት።»

ትናንት በዚያ ሰዓት ሥራ አልሄድኩም። ተኝቼ ነበር።

«ጫማሽ በር ላይ አልነበረም» አሉ፣ ያሰብኩትን የሰሙ ይመስል። እውነት ነው፤ ጫማዬን አጥቤ ወደ ውስጥ አስገብቼው ነበር። «አንቺ ሄደሻል ብዬ በመስኮት ጠራኋት። ‹ኛቴ?› አልኳት። በልተሻል ወይ ማለቴ ነው። እሷም በአማርኛ ‹አልተፈቀደልኝም› አለችኝ። ድምጿ ቀጭን ነው፤ የልጅ ድምፅ ነው። ወላሂ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስንት ዓመቷ ነው?»

ባልዲዬን አንጠልጥዬ፣ ውሃውን እግሬ ላይ እያፈሰስኩ ገባሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ እንደ ወትሮዬ ጋውኔን አጠብኩ፤ ቤት ጠረግኩ፤ ተኛሁ። ስነቃ ሳህኗ ባዶዋን ደፉ ላይ ነበረች። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

መጀመሪያ የውሃ ድምፅ፤ ከዚያ መጥረጊያ። ቀጥሎ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች። ቁጣዋ የደረቀ ነው፤ አትጮህም፤ ለዓመታት የለመደችውን ሥራ እንደምትሠራ ሁሉ ትናገራለች። «ይሄን ነው ጠረግኩ የምትዪው? እጅሽ ይቆረጥ! … ማታ ያቺን ሴትዮ እንዴት ነው የሰፋሻት? ሌላው በአንድ እጁ ይሠራዋል። … ተነሽ! ማን ተቀመጪ አለሽ? … አሁን ደግሞ ራበኝ ልትዪ ነው? ምን ሠርተሽ?»

ድምፁ የእኔ ነው። ከተናገርኩት ውስጥ አንዲት ቃል አላስታውስም። ከዚህ የከፋው ግን መሃል መሃሉ ላይ መልስ መኖሩ ነው። ቀጭን ድምፅ «እሺ» ይላል። «ይቅርታ» ይላል። «አሁን እነሳለሁ» ይላል። እሱም ከኔው ጉሮሮ ነው የሚወጣው። ሁለቱ አይደራረቡም፤ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ከዚያ ዝምታ መጣ፤ የእንቅልፍ ትንፋሽ። ቆይቶ መስኮቱ ኳ ኳ አለ። «ያ ኢንታላ» አለ የአከራዬ ድምፅ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፣ «ኛቴ?»

«ዛሬም አልተፈቀደልኝም» አለች።

«ሱብሃነላህ!» የሳህን ድምፅ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማላመጥ። ስልኩን ዘግቼ ከልብሴ መሃል ሸጎጥኩት።

ያቺ ቁጡ ሴት ከየት መጣች? ማንም እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም፤ እናቴም፣ አስተማሪዎቼም። ቦኬ ሳለሁ የጀመርኩት ይመስለኛል። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሌሊት ብቻዬን ሁለት ነፍስ እጄ ላይ ሲወድቅ እንዳልሳሳት ራሴን ቆንጠጥ አደርግ ነበር። «ንቂ፣ አንቺ ደነዝ» እላለሁ። ሠራ። ስለሠራ ደገምኩት። አንድ ሰሞን መድኃኒት ነው ብዬ የጀመርኩት ነገር እኔን ሳያስፈቅድ ቤቴ ገብቶ እመቤት ሆነ። ከሷ ይልቅ ያሳዘነችኝ ግን «እሺ» የምትለዋ ናት። እሷን ጭራሽ አላውቃትም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጅል የሆንኩት። ሐኪም ጋ መሄድ ሲገባኝ ውሸት ፈጠርኩ። ለአከራዬ «ልጅቷን መቻራ ልኬያታለሁ፤ አክስቷ ጋ» አልኳቸው። አፍሬ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሲስተር የሚሏት ሴት፣ ለብቻዋ ታወራለች ከሚባል፣ ሰው በዳይ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስጠርግ አፌን በሻሽ አስር ነበር። አንዲት ሴት ቤቷን ዘግታ፣ አፏን አስራ፣ ዝም ብላ ትጠርጋለች። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያስፈራኝ ያ ነው።

ሳህኗ ቀረች። በሳምንት ጊዜ ውስጥ አቀበቱን ለመውጣት አራቴ መቆም ግድ ሆነብኝ። ሳጥኑ ግን ፈቀቅ ማለቱን አልተወም፤ የግድግዳው ቀዳዳም እየሰፋ ሄደ።

ረመዳን እየቀረበ ነበር። ሰፈራችን ጾሙ ሳይገባ ሰዉ ቤት ለቤት እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይባባላል፤ በድያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ጾም መግባት ከባድ ነው ይላሉ። አከራዬም ከሰዓት መጥተው በሬን አንኳኩ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

«ሲስተር፣ አውፍ በዪኝ።»

«አውፍ ብያለሁ እናቴ። እርስዎም አውፍ ይበሉኝ።»

«ብያለሁ።» ግን አልሄዱም። «ልጅቷስ?»

«መቻራ ናት አልኩዎት እኮ።»

«አውቃለሁ። ሐቋ አንገቴ ላይ ነው። ስንት ወር ሙሉ ስትሰደብ እየሰማሁ ጎረቤት ነው ብዬ፣ ሲስተርን አላስቀይምም ብዬ ዝም አልኩ። እሷ አውፍ ሳትለኝ ጾም አልይዝም። ወይ ስልክ ስጪኝ፤ ወይ አምጫት፤ አለዚያ እኔ እሄዳለሁ።»

የመቻራን መንገድ አውቀዋለሁ። ጤነኛ ወገብ የማይችለው ኮረኮንች ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሚነሱት። እኚያ አሮጊት የሌለች ልጅ ፍለጋ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ሲሄዱ ታየኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት አመጣታለሁ» ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርኩ።

ሊሄዱ ዞር አሉና ቆሙ። «ግን ሲስተር» አሉ ቀስ ብለው፣ «መቻራ ካለች ትናንት እዚህ ስታለቅስ የነበረችው ማን ናት?»

ዓርብ ዕለት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ታላቅ እህታቸውን ይዘው ተመለሱ። ሁለቱም ነጭ ለብሰዋል። እህታቸው አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ ምርኩዝ ይዘዋል። አከራዬ ሰላምታ አላበዙም። «ሲስተር፣ ቤቱን ክፈቺልን። ያቺ ልጅ ትሞትብሻለች። ከሞተች አንቺም እኔም አላህ ፊት ቆመን የምንለው የለንም።»

አላስቸገርኳቸውም። ይግቡና ባዶ መሆኑን ይዩ፣ ይገላግለኝ ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ፤ ቤቴ ንጹሕ ነው።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። እነሱ የሚያዩትን እኔም አብሬ አየሁ፤ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ በትክክል ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

በአንድ ወገን አልጋ አለ። ዳንቴል ለብሷል፤ ትራሱ ከነላስቲኩ ነው። በላዩ መደርደሪያ ላይ ስድስት ብርጭቆ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ የሸክላ ሳህኖች፣ ያልተከፈተ ፔርሙዝ። በሌላው ወገን፣ ከበሩ ኋላ፣ ወለሉ ላይ ሰሌን አለ። ሰሌኑ ላይ አንድ ብርድ ልብስ፣ አጠገቡ ጠርዟ የተላጠ ጣሳና የፕላስቲክ ሳህን።

«ይሄ ያንቺ ነው» አሉ አከራዬ አልጋውን በአገጫቸው እያሳዩ። ከዚያ ወደ ሰሌኑ ዞሩ። «ይሄ የሷ።»

«አልጋው የእንግዳ ነው» አልኩ።

«የምን እንግዳ? እዚህ ግቢ ከገባሽ አንድ ሰው መጥቶብሽ አያውቅም።»

እውነታቸውን ነው። እናታችን እንግዳ ሲመጣ ብላ ጥሩ ጥሩውን ታስቀምጥ ነበር፤ የሁሉም ቤት ወግ ነው፤ እኛ ቤት ግን እንግዳ ይመጣ ነበር። እኔ ገዝቼ ያስቀመጥኩት ማንም ለማይመጣበት ቤት ነው። በዚያ አልጋ አንድ ቀን ጎኔን አላሳረፍኩበትም። በአንዱም ብርጭቆ ውሃ አልጠጣሁም።

«አንቺስ የት ነው የምትተኚው?»

ሰሌኑን አሳየኋቸው።

«እሷስ?»

እህታቸው በምርኩዛቸው ሳጥኑን ገፋ አድርገው ጎንበስ ብለው ግድግዳውን አዩ። «ቢዬ ኛቲ» አሉ። አፈር ትበላለች ማለታቸው ነው።

አከራዬ መጥተው እጄን ያዙ። ጥፍሮቼን ገልብጠው አዩ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረጉት፤ እኔ በየቀኑ እርጉዞቹን እንደማደርገው። ምን እንዳዩ አውቃለሁ፤ ነጭ ነው ያዩት። ጣታቸው እዚያው ፊቴ ላይ ቀረ። ስልኬ ላይ የሰማሁትን ሁሉ እሳቸው ያለ ስልክ፣ ፊቴን ብቻ አይተው፣ ሲደርሱበት አየሁ።

አሁን እብድ ናት ብለው ያስወጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ዕቃዬን በየት በኩል እንደምጭን ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ደግፈው፣ እያቃሰቱ፣ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። እጄን ስላለቀቁኝ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በፊት ሲስተር እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «አውፍ በዪኝ። ስትሰደቢ እየሰማሁ ዝም አልኩሽ። በመስኮት ሳህን ከማስቀመጥ ይልቅ በሩን መስበር ነበረብኝ።»

የሚያናግሩት እኔን አልነበረም። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው፤ ግን ከኔ ኋላ ላለ ሰው ነበር የሚናገሩት። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት፣ ሙሉ በሙሉ ነቅቼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«አውፍ ብያለሁ።»

ሦስታችንም ሰማነው። እህታቸው «ቢስሚላህ» ብለው ወደ በሩ አፈገፈጉ። አከራዬ ብቻ አልደነገጡም፤ በመስኮት ሲያናግሯት የነበሩ ሰው ናቸው።

«አሁን አንቺ ጠይቂያት» አሉኝ።

ቀላል ነገር ነው። በቀን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ይቅርታ እላለሁ፤ መንገድ ላይ እኔን የገፋኝን ሰው እንኳ ይቅርታ የምል ነኝ። አሁን ግን ያቺ ቁጡዋ ሴት ውስጤ ተነስታ ቆመች። ለሷ? ምን ሠርታ? አለች። ቃል በቃል ሰማኋት። አከራዬ ጠበቁኝ። ለከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ሲል ተነሱ። አላስገደዱኝም። «ጾሙ ሳይገባ» ብቻ አሉ፣ ጫማቸውን እያጠለቁ። «ዛሬ ደግሞ አልጋው ላይ ትተኛ።»

የዚያን ሌሊት ተረኛ አልነበርኩም፤ ዳንቴሉን ገልጬ ጋደም አልኩ። የሰው አልጋ ላይ የወጣሁ መስሎኝ ተሳቀቅኩ። ትራሱ ላስቲክ ስለነበረው በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ያ ሹ… ሹ… የሚለው ነገር ጆሮዬ ሥር አለ። የዚያን ቀን አልሸሸሁትም። የፅንስ ልብ ምት እንደምቆጥረው ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩት። በጣም ይፈጥናል፤ መሃል መሃሉ ላይ ይደነቃቀፋል። ተኝታ ያለች ሴት ልብ እንደዚያ ከሮጠ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይቺ ሰው እየሄደች ነው አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ቦታዬ ወረድኩ። ያኔም ግን «እኔ ነኝ የታመምኩት» የሚል ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ባዶ ክፍል ገብቼ፣ ማሰሪያውን በጥርሴ ስቤ፣ ከግራ ክንዴ ራሴ ደም ቀዳሁ። ቀለሙ ሳስቷል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የመጣልኝን የሴት ስም ጻፍኩና ላብራቶሪ ሰጥቼ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ የላብራቶሪ ባለሙያው ራሱ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ሲስተር፣ ይቺ ሴትዮ የት ናት?»

«ምነው?»

«ሁለቴ ነው የሠራሁት፤ ማሽኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ። በዚህ ደም ሰው ቆሞ አይሄድም። ዛሬውኑ ደም ካልተሰጣት ነገ ላታገኚያት ትችያለሽ። ተኝታለች? አስታማሚ አላት?»

መቻራ ሄዳለች ልል ነበር። እውነቴን ነው፤ ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሄዳለች ካልኩት እሱ አዝኖ ይመለሳል፣ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፣ ቁጡዋም ደስ ይላታል። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰብስቤ ክንዴ ላይ ያለውን ጥጥ አሳየሁት።

ጥጡን አየ፤ ፊቴን አየ። «አስታማሚስ?» አለኝ ቆይቶ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ።

«አላት» አልኩት። «እኔ አለሁላት።»

ተሽከርካሪ ወንበር ሊያመጣ እየሮጠ ሄደ። ኮሪደሩ ላይ እኔና ልጅቷ ብቻ ቀረን። ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ለምጥ ሴቶቼ በማወራበት ድምፅ፣ «አውፍ በዪኝ» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። ለመመለስም አቅም ያላት አይመስለኝም። ግን አጠገባችን የነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።